ከዶዮገና በላይ የቀባሁት ቀይ ምልክት

በሀዲያና በከምባታ ምድር እኔ የማላውቀው ተራራ ካለ፣ ተራራው ገና አልተወለደም ማለት ነው። ይህን ለባለቤቴ ለታደለች ስነግራት ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ባለፈው ዓመት ከመስቀል በኋላ የደረሰብኝን ግን ቀይ ቀለም ባየሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ሥራዬ ቤት መቀባት ስለሆነ የማላስታውስበት ቀን የለም።

ታደለች ከተጋባን ጀምሮ ለሽርሽር ወጥታ አታውቅም። «ሰው ሁሉ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ፎቶ ይነሳል፤ እኔ የሆሳዕናን አቧራ ስጠግብ ልሙት?» አለችኝ።

«ሐዋሳን ማንም ያውቃታል። እኔ ማንም ያላየውን አሳይሻለሁ» አልኳት። ከዶዮገና በላይ ሸለቆውን ቁልቁል የሚያሳይ ጉብታ እንዳለ አንድ ደንበኛዬ ነግሮኝ ነበር።

እኔ ግን እግሬም ረግጦት አያውቅም። ለሥራ ነው ብዬ ቀድሜ ብቻዬን ሄድኩና እየጠየቅኩ ወጣሁ። ታደለችን ሳመጣ እንዳይጠፋኝ፣ በየመታጠፊያው በትራፊ ቀይ ቀለም ኤክስ አደረግኩ፤ ድንጋይ ላይ፣ ባሕር ዛፍ ላይ፣ አጥር ላይ።

በሳምንቱ አብረን ሄድን። እንደ አገሩ ባላባት ከፊት ከፊት እያልኩ፣ ቀዩን በዓይኔ እየሰረቅኩ «አሁን በግራ» እላለሁ። አንድ አጥር ጋ ስንደርስ መንገዱ በሰው ተዘጋ። በእኔ ግምት የከምባታ ሕዝብ በሙሉ ወጥቷል፤ ታደለች አሥር ሰው አይሞላም ነበር ትላለች።

አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ጫማዬን ነካ አደረጉት። ቀይ ቀለም ተንጠባጥቦበታል።

«ቀቢው ይሄው» አሉ። «በል ንገረን፤ ቤታችን የሚፈርሰው መቼ ነው?»

ያኔ ገባኝ። ቤት ሊፈርስ ወይ መንገድ ሊወጣ ሲል ቀይ ኤክስ እንደሚቀባ ከእኔ በቀር የማያውቅ የለም።

አንዲት ሴት ጓሮዋን አሳየችኝ። ምልክቱ አጥሯ ላይ ስለነበር፣ መንገድ ሳይወስደው ብላ ያልደረሰ እንሰቷን ነቅላዋለች። «ሦስት ዓመት ያሳደግኩት ነው» አለች። «አንተ ታበቅለዋለህ?»

«ማንም አልላከኝም። የሆሳዕና ሰው ነኝ፤ መንገድ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው» አልኩ።

«ውሸቱን ነው» አለ አንድ ጎልማሳ ኮሌታዬን ይዞ። «የሆሳዕና ሰው እዚህ አፍንጫው ሥር ይጠፋል?»

ታደለችን አየኋት። እሷ ጫማዬን ታያለች።

«አባቴ፣ እውነቱን ነው» አለቻቸው ሽማግሌውን። «ይሄ ሰው መንገድ አያውቅም። ሆሳዕናም ይጠፋል።»

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ ታውቅ ኖሯል። ማንም አልሳቀም። ቢላ ሰጡኝና የቀባሁትን ሁሉ እንድፍቅ ፈረዱብኝ። ጎልማሳው ዱላ ይዞ ከኋላዬ፣ ታደለች ከእሱ ኋላ። ቀኑን ሙሉ ያናገረችኝ አንዴ ብቻ ነው፤ «እዚህም ቀርቶሃል» ብላ። ጉብታውን አላየችውም።

ሴትዮዋን ይቅርታ ብጠይቃት ፊቷን አዞረችብኝ። ልክ ነበረች። እንሰት እንደ ግድግዳ በሁለተኛ ቀለም አይታደስም። እስከ ዛሬ ከዱላው ይልቅ እሷ ትከብደኛለች።

ታደለች «ሆሳዕናም ይጠፋል» ያለችውም እውነት ነው። ድሮ ቤቴን የማውቀው በጎረቤቴ ሰማያዊ በር ነበር። ጎረቤቴ በሩን አረንጓዴ ቅባልኝ አለኝ፤ ቀባሁለት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቤቴ ጠፋኝ፤ ታደለች ወጥታ ፈልጋ አስገባችኝ።