ያጠብኳቸው ብሎኖች

ትራክተሩ ዛሬም አልነሳ አለኝ። አርሊንግተን ባለው የአባዬ ጋራዥ ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር የከረመ ቤንዚን ይሸተኛል።

ይህ ሁሉ ሲጀምር አሥር ዓመቴ ነበር። አባዬ ይህንኑ አሮጌ የሣር ማጨጃ ትራክተር ፈትቶ፣ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው ነበር። ምሳ ሊበላ ሲገባ፣ ላግዘው ብዬ አጥቤ ከትንሽ ወደ ትልቅ አሰለፍኳቸው።

ተመልሶ ሲያያቸው አንዱን አንስቶ አገላበጠው።

"ጎበዝ፣ አጽድተሻቸዋል። ግን የኔ እናት፣ የቱ ከየት እንደወጣ አሁን ማን ይነግረኛል?" አለኝ።

ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ትራክተሩ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

አሁን የእሱ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መፍቻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜዬ። በሩ ላይ ቆሞ፣ "እና፣ እንዴት ሆነ?" ይለኛል።

"ትንሽ ቀረው" እላለሁ።

ቦታዋ የጠፋኝን አንዲት ብሎን መዳፌ ውስጥ ጨብጫለሁ።