ወደ ቀኝ የታጠፈችው መኪና

ሞተር ሳይክል ልገዛ ነው ስላት እህቴ መጀመሪያ ሳቀች። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲገባት የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ እጇን በሽርጧ ጠረገችና፣ «አንቺ ጤነኛ ነሽ? ይህ ከተማ ሞተረኛን ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ እያየሽ?» አለችኝ።

አይታ ነው የምትናገረው። ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለችው ትንሽ ምግብ ቤቷ በሯ መንገድ ላይ ነው፤ ከአንዴም ሁለቴ የወደቀ ሞተረኛ ደጇ ላይ አስተኝታ ውሃ አጠጥታለች። እኔ ግን ቆርጬ ነበር። የምኖረው ኢስትሊ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም አስፈጭቼ ለእህቴና በየሰፈሩ ላሉ ያገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶች አደርሳለሁ። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ ተሳፍሬ፣ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ «ይሄ ነገር አስነጠሰን» እያሉ የሚገላምጡኝን እየታገስኩ፣ መኪና በተቆላለፈበት መንገድ ላይ ግማሽ ቀኔ ያልቃል። በጎናችን ደግሞ ሞተሮቹ ሽው፣ ሽው እያሉ ያልፋሉ። አርባ ዓመቴን እየተጠጋሁ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምፈራው ነገር ያለ አልመሰለኝም።

መንዳት ያስተማሩኝ አንድ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው። ተወልደው ያደጉት አስመራ ነው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር መልእክት ሲያደርሱ ኖረው፣ በኋላ ናይሮቢ ገብተው ኢስትሊ ውስጥ የመለዋወጫ ሱቅ ከፈቱ። ጋሼ ነው የምላቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ አንድ ባዶ የመጋዘን ግቢ ይወስዱኛል። እኔ ለመብረር ቸኩያለሁ፤ እሳቸው ግን ከሁሉ በፊት ፍሬን ነው ያስያዙኝ።

«መሄድማ ሞተሩ ራሱ ያውቅበታል» አሉኝ። «አንቺ ማቆም ተማሪ።»

ሄልሜቴን ሳጠልቅ አገጬ ሥር ጣታቸውን ሰደው ማሰሪያው መጥበቁን ሳያዩ ቁልፉን አይሰጡኝም ነበር። ወፍራሙን ጃኬትና ጓንቱን ግዢ ሲሉኝ አንገራገርኩ።

«በዚህ ሙቀት፣ ጋሼ?»

«ላብሽ ይታጠባል። አስፋልት ግን ሞረድ ነው ልጄ፤ የወሰደውን ቆዳ አይመልስም።»

ገዛሁ። ደስ እያለኝ አልነበረም። መንጃ ፈቃዴን ካወጣሁ በኋላም መጀመሪያ በኢስትሊ የውስጥ መንገዶች፣ ቀጥሎ ትንሽ ራቅ እያልኩ፣ በመጨረሻ በፓንጋኒ አልፌ እስከ ፓርክላንድስ መንዳት ጀመርኩ። እህቴ ደጅ ላይ ሞተሬን ሳቆም ትወጣና ከእግር እስከ ራሴ ታየኛለች፤ ከዚያ ተመልሳ ትገባለች።

የዚያን ቀን ረፋዱ ላይ ዝናብ አካፍቶ ማቆሙ ነበር። መንገዱ እርጥብ ነው። ከኋላዬ ያሰርኩት ካርቶን ውስጥ በላስቲክ የታሸገ በርበሬ አለ። ፓርክላንድስ ገብቼ፣ ዛፎች ግራና ቀኝ የከበቡትን መንገድ ይዤ፣ እዚህ አገር እንደሚነዳው ግራዬን ጠብቄ እሄዳለሁ። ፊት ለፊቴ፣ ከወዲያ አቅጣጫ፣ አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና መሃል መንገድ ላይ ቆማለች። የቀኝ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ይላል። እኔን አሳልፋ፣ መንገዴን አቋርጣ፣ ወደ ውስጥ መንገድ ልትታጠፍ ነው የምትጠብቀው። የምትነዳው ሴት ናት። ፊቷ ወደ እኔ ነው።

አየችኝ አልኩ። ፍጥነቴንም አልቀነስኩም።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። መጀመሪያ ቀስ ብላ ስለነበር ዓይኔን አላመንኩትም፤ ትቆማለች ብዬ ጠበቅኩ። አልቆመችም። ነጩ ጎኗ መንገዴን ሙሉ በሙሉ ሲዘጋው ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። የኋላ ጎማዬ እርጥቡ ላይ ሲሸሽ ተሰማኝ። በዚያች ቅጽበት ሴትዮዋን በመስኮቷ በኩል አየኋት። ዓይኗ ጭኗ ላይ ነው፤ ከታች የስልክ ብርሃን አገጯን አብርቶታል።

ጮኼ እንደሆነ አላውቅም። ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰማሁ፤ ከዚያ ሰማይ፣ ከዚያ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ አስፋልት። በግራ እጄ ነው ያረፍኩት። ሄልሜቴ መሬቱን እየፋቀ ሲሄድ ድምፁ እዚያው ጭንቅላቴ ውስጥ ድንጋይ የሚፈጭ ይመስል ነበር። ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ።

ጋሼ አንድ ቀን እንዲህ ብለውኝ ነበር፤ «ከወደቅሽ ብድግ አትበይ። እዚያው ሆነሽ ጣቶችሽን ቁጠሪ፤ የእግርሽንም።» የእግሬን ጣቶች ጫማዬ ውስጥ አንቀሳቀስኩ። ታዘዙ። የቀኝ እጄ ታዘዘ። ግራው እሳት ነበር። አንገቴን አልነካሁትም።

ዓይኔን ስገልጥ መንገዱ ቀይ ነው። እጅጌዬ ቀይ ነው፤ ጓንቴ ቀይ ነው፤ ፊቴ ላይ ያለው የሄልሜት መስታወት ራሱ ቀልቷል። ደሜ አልቋል ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። በርበሬው ነው። ካርቶኑ ፈንድቶ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተበትኖ፣ ውሃውን ጠጥቶ፣ እንደ ደም እየወረደ ነበር።

እኔ በርበሬ መሆኑን አወቅኩ። እነሱ ግን አላወቁም።

የቦዳቦዳ ሞተረኞች ከየት እንደመጡ አላየሁም። ናይሮቢ ውስጥ አንድ ሞተረኛ ሲወድቅ ሌሎቹ ከየማዕዘኑ ይፈልቃሉ። ሰው ለሚያመላልሱት ለእነሱ መንገድ ላይ የወደቀ ሁሉ ወንድማቸው ነው፤ የገጨው ደግሞ ጠላታቸው። ሞተሮቻቸውን እንደ አጥር ደርድረው መኪናዋን ከበቧት። አንዱ ኮፈኑን በቡጢ ይመታል። ሌላው የበሩን እጀታ ይጎትታል። «ገደለቻት! ስልክ እያወራች ገደለቻት!» የሚል የስዋሂሊ ጩኸት ይሰማኛል። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ያነሳ አየሁ።

አንድ ሞተረኛ ከጎኔ ተንበረከከ። ጢሙ ሽበት ጣል ያደረገበት፣ አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ ነው። «ፖሌ፣ ዳዳ» አለኝ፤ አይዞሽ እህቴ ማለቱ ነው። ደግነቱን ፊቱ ላይ አይቻለሁ፤ ግን እጁ አገጬ ሥር ገብቶ የሄልሜቴን ማሰሪያ ሊፈታ ሲታገል ቀኝ እጄን ሰድጄ አንጓውን ያዝኩት።

«ኡሲኒጉሴ! አትንካኝ! አንገቴን አታንቀሳቅስ!»

ደንግጦ ለቀቀኝ። ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት በርበሬው ገባበትና ማስነጠስ ጀመረ። ዓይኑን እያሸ፣ «ምንድነው ይሄ?» አለ።

«በርበሬ ነው። ደም አይደለም። ንገራቸው! ደም አይደለም በላቸው!»

ጮኾ ነገራቸው። የሰማው ሰው የለም። የመኪናዋ የጎን መስታወት ተገንጥሎ መሬት ላይ ሲከሰከስ ሰማሁ። በመስኮቱ በኩል ሴትዮዋ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ መሪው ላይ ተደፍታለች።

ያኔ ያሰብኩትን ዛሬም አስታውሳለሁ። ስለ እሷ አዝኜ አልነበረም። በሩ ከተከፈተ የሚሆነውን እዚሁ ተኝቼ አያለሁ ብዬ ነው የፈራሁት። በእኔ ስም፣ በእኔ በርበሬ የተነሳ።

«አንሳኝ» አልኩት ሰውየውን። መነሳት አልነበረብኝም፤ አውቃለሁ። አንገቴን ቀስ ብዬ ግራና ቀኝ ሞከርኩት፤ አላመመኝም። በቀኝ በኩል ደግፎ አስቀመጠኝ፣ ቀጥሎ አቆመኝ። ዓለም ዞረብኝ። መኪናዋ ጋ ስንደርስ በጀርባዬ የሹፌሯን በር ተደግፌ ቆምኩ። ከፊቴ የቆሙት ሰዎች ከእግር እስከ ራሴ ቀልቼ ሲያዩኝ ወደ ኋላ አሉ። የሞተ ሰው የተነሳ ሳይመስላቸው አልቀረም።

«እኔ ነኝ የተገጨሁት» አልኩ በተሰባበረ ስዋሂሊዬ። «እኔ ልናገር። አልሞትኩም። ፖሊስ ይምጣ።»

ድንጋይ የያዘው ወጣት፣ «ፖሊስ እስኪመጣ ትሸሻለች!» ብሎ ጮኸብኝ። «ሁሌ ነው የሚሸሹት! ጓደኛዬን የገጨው እስከ ዛሬ አልተያዘም!»

እውነቱን ነው። ዞሬ መስኮቱን በቀኝ ክርኔ መታሁት። ሴትዮዋ ቀና አለች። ፊቷ አመድ ሆኗል። «ቁልፉን ስጪኝ» አልኳት። አልገባትም። ደግሜ ነገርኳት። መስታወቱን ጣት በምታስገባ ያህል ዝቅ አድርጋ ቁልፉን አሾለከችልኝ። ቁልፉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«እኔ ጋ ነው። የትም አትሄድም። እስኪመጡ ከእናንተ ጋር እዚሁ እቆማለሁ።»

ወዲያው ዝም አላሉም። አንዱ ተሳደበ፤ ሌላው መኪናዋን በእግሩ መታ። ግን የደገፈኝ ሰውዬ ከጎኔ መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ቀጥሎ አንድ ሌላ። ወጣቱ ድንጋዩን ወርውሮ ወደ ሞተሩ ሄደ። የትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ቁልፉን እንደጨበጥኩ ነበር።

ሴትዮዋን ከመኪናዋ አውጥተው አጠገቤ አስቀመጧት። የቢሮ ልብስ የለበሰች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ናት። «አላየሁሽም» ትላለች፤ «ፈጣሪዬ ምስክሬ ነው፣ አላየሁሽም።»

«ምን እያነበብሽ ነበር?»

አፈረች። «የሥራ ባልደረባዬ ነው። ስብሰባ ላይ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ ብሎ ጠይቆኝ...»

እስከዚያ ድረስ ቁጣ የሚባል አልተሰማኝም ነበር። ያን ስትለኝ ግን አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። ለዚህ? ለዚህ ብለሽ ነው? በአማርኛ ጮኽኩባት፤ ስዋሂሊዬ አልበቃኝም። አንድም ቃል ሳይገባት ሁሉንም ሰማችኝ፤ እያለቀሰች ራሷን ትነቀንቃለች። ጩኸቴ ሲያልቅ እኔም አለቀስኩ። በርበሬው ነው ብል ማን ያምነኛል።

ሆስፒታል ሄልሜቴን ያወለቀልኝ ሐኪም ዞር ዞር አድርጎ አየው። በግራ መንጋጋዬ በኩል ቀለሙ ተፍቆ፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ነገር ወጥቶ፣ እንደ ታኘከ ሆኗል። ከዚያ እኔም እንዳየው አድርጎ አልጋው ላይ አስቀመጠው። የግራ እጄ አንጓ ተሰብሯል፤ ዳሌዬ በልዟል። የጃኬቱ ክርን ተቀዶ ቆዳዬ ግን ደህና ነበር።

እህቴ ሽርጧን እንደለበሰች ሮጣ መጣች። ሄልሜቱን አየች፤ እኔን አየች። «ሞተሩን ሽጪው» አለች። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ በርበሬው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ሁለታችንም አብረን እንባችን ወረደ።

ጋሼ የመጡት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም አስተረኩኝ። የት ነበርሽ፣ የትኛውን መስመር ይዘሽ፣ እጅሽ ፍሬኑ ላይ ነበር ወይ። መንገድ ላይ ምን አየሽ ሲሉኝ፣ ፊቷ ወደ እኔ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ፊት ይዋሻል» አሉ። «ጎማዋንስ አየሽ? ጎማ መዞር ሲጀምር ሰውየው ገና ሳያስብ ታውቂያለሽ።»

አላየሁም ነበር። ጥፋቱ ያንቺ ነው አላሉኝም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ፖሊሱ ያውቃል፣ አንቺን የሚያድንሽ ግን እሱ አይደለም አሉኝ።

የእጄ ጄሶ ከተፈታ በኋላም ሞተሩ ተጠግኖ ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ቆመ። አልሸጥኩትም፤ አልነካሁትምም። ማታቱ ላይ ሆኜ እንኳ ከፊት ወደ ቀኝ የምትታጠፍ መኪና ሳይ እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አንድ እሁድ ጋሼ ሳልጠራቸው መጡና ሄልሜት ዘረጉልኝ፤ አዲስ ነው። የወደቅሽበትን ዳግም አታጥልቂ፣ ሥራውን ጨርሷል አሉኝ። ባዶው ግቢ ውስጥ እንደገና ከፍሬን ጀመርን። መጀመሪያ ቀን ከግቢው ሳልወጣ ላቤ ጃኬቱን አልፎ ነበር። ወደ ፓርክላንድስ ለመመለስ ብዙ እሁዶች ፈጀብኝ። ዛሬ ከፊቴ መኪና ቆማ ፍሬቻ ስታበራ ጋዙን እለቃለሁ፤ ሁለት ጣቴ ፍሬኑ ላይ ይወጣል፤ ዓይኔ የፊት ጎማዋ ላይ ይተከላል። ከኋላዬ የሚመጣው ክላክስ እየነፋ ቢሰድበኝም አልሰማውም።

የገጨችኝ ሴትዮ አንድ ቀን ለምሳ እህቴ ምግብ ቤት መጣች። እዚያ እንደምገኝ ማን እንደነገራት አላውቅም። ፖሊስ ጣቢያ ጥፋቷን ሳትክድ አምናለች፤ መንጃ ፈቃዷ ታግዶ ተመልሶላታል። እህቴ ማንነቷን ስታውቅ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ድስት ሲወረወር ሰማሁ። እኛ ተፋጠጥን።

«አሁንም ትነጂያለሽ?» አለችኝ።

«እነዳለሁ። አንቺስ?»

«ስልኬን የመኪናው የኋላ ሻንጣ ውስጥ ቆልፌ እነዳለሁ። እዚያ መታጠፊያ ላይ ግን እስካሁን እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«የእኔም» አልኳት።

እህቴ ሳትጠራ ወጣች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጠበቅ አድርጋ አስቀመጠች፤ ሽሮው ጫፉ ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋን ሳታይ፣ ለእኔ በአማርኛ፣ «ሳይቀዘቅዝ ትብላ በያት» አለችኝና ተመለሰች።