አባባን ይዤ ወደ ደመራ ስወጣ

የደመራ ዕለት ነው፤ ረፋዱ ላይ። ዘመኑ የጃንሆይ፣ አገሩ አንኮበር። እኔና አባቴ ገና ከደጃችን ሳንርቅ ሰዉ ሁሉ አልፎን ሄደ...

አባባ መሪጌታ ነበሩ። ሐምሌ መግቢያ ላይ በድንገት ወድቀው፣ ቀኝ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ክረምቱን አልጋ ላይ ከረሙ። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ባለሱቅ አግብቼ ከሱቅ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ገበያ ስሮጥ የምውል ሴት ነበርኩ። ልጠይቃቸው መጥቼ፣ በዓሉን ከባሌ ጋር ልውል እኩለ ቀን ላይ በሚመለሰው የጭነት መኪና ልሳፈር አስቤ ነበር።

ደብሩ ለዜማው ሌላ መሪ አዘጋጅቷል። አባባ ግን ጧት ተነስተው መቋሚያቸውን አምጪ አሉኝ።

«በቅሎ ልለምንልዎ?»

«በእግሬ ነው የምሄደው።»

«ያን ዳገት? በዚህ እግርዎ?»

«ቀስ ብዬ ነዋ! ማን ያባርረኛል?»

ቶሎ አድርሻቸው ወደ መኪናው እሮጣለሁ ብዬ ወጣን። ጥቂት ይራመዱና ይቆማሉ። ደክሟቸው መስሎኝ ብብታቸውን ደግፌ ስይዝ... ለካ ገብስ እያዩ ነው!

«አየሽው? እኔ ስወድቅ ከመሬት ብቅ አላለም ነበር። አሁን ሊያሸት ነው።»

«ኧረ አባባ፣ መኪናው ያመልጠኛል!»

«ሐምሌን ነሐሴን ጣራ ሳይ ነው የከረምኩት። ተይኝ እስቲ፣ ልይበት።»

እኔም ቆም አልኩ። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር እየተገፈፈ ቆላው ፍንትው ብሎ ወጣ። ተወልጄ ያደግሁበት አገር ነው... ልብ ብዬ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ባቄላ ማሳ ዳር ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ አየችን። «መሪጌታ! ቆመው ሄዱ?» ብላ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ በነጠላዬ ጫፍ እሸት ሞላችልኝ። እሱን እየፈለፈልኩ በአባባ እርምጃ ሄድኩ።

የዳገቱ ወገብ ላይ ስንደርስ የመኪናው ጡሩንባ ከታች ተሰማ። ልቤ አልደነገጠም ብል ውሸት ነው... ግን የአባባን ክንድ አልለቀቅኩም። በዚያው ቅጽበት እግራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እንመለስ ይሆን?» አልኳቸው።

«ትንፋሼ ይመለስና እንሄዳለን።»

ጠበቅን። ተመለሰ። ሄድን።

ስንደርስ ካህናቱ ደመራውን ከበው ሊጀምሩ ነው። አዲሱ መሪ አባባን ሲያዩ ቦታቸውን ለቀው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«እርስዎ እያሉማ እኔ አልመራም።»

አባባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዜማውን ዝግ አድርገው አነሱት። ድምፃቸው መጀመሪያ ሻከረ... ከዚያ ጠራ፤ ተራራውን ሞላው። ከበሮው ሲገባ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። ያ እንደ ግንድ ሲጎትቱት የመጡት ቀኝ እግር... ከከበሮው ጋር መሬቱን ይመታል!

«አባባ! እግርዎ!» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አባባ ዜማውን ሳያቋርጡ በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ... ከጢማቸው ሥር ግን ፈገግታቸውን አይቻለሁ።

ይኸው ዛሬም፣ በእርጅናዬ፣ መስከረም ጠብቶ ደመራ ሲደርስ ከቤቴ በጊዜ እወጣለሁ... ቶሎ ለመድረስ ግን አይደለም።