የጉራቲ ደጅ

አሰላ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሽቶ ተቀብቼ ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ አዲስ ተመራቂ ነኝ፤ የንብ ምርምር ክፍል ረዳት ተመራማሪ ተብዬ የምደባ ደብዳቤዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ታምራት ደብዳቤውን ሳይከፍቱት "ነይ፣ መጀመሪያ ንቦቹ ይዩሽ" ብለው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ገመቹ የሚባል ቴክኒሻን ማጨሻውን እየነፋ ቀፎ ሊከፍት ተዘጋጅቷል። ከሩቅ ሸተትኩትና "ወይኔ! ይቺ ልጅ ዛሬ አለቀላት" አለ።

ንብ ሽቶ አትወድም። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ግራ ዓይኔ ተዘጋ። ዶክተር ታምራት ደብዳቤዬን በአንድ ዓይኔ እያየኋቸው ፈረሙና "እንኳን ደህና መጣሽ። ነገ ሽቶ የለም" አሉኝ። ገመቹ ግን ስሜን በዚያው ቀየረው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ "ሽቶ" እያለ ነው የጠራኝ።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት የንብ ክንፍ ስለካ ነው። በክንፉ ላይ ያሉት ሥሮች አቀማመጥ ንቧ ከየትኛው ዘር እንደሆነች ይጠቁማል፤ የደጋዋ ጥቁር ንብ ከቆላዋ ትለያለች። እናቴ በስልክ "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ። "የንብ ክንፍ እለካለሁ" አልኳት። "እና ለዚህ ነው እኔ ስንት ዓመት ያስተማርኩሽ?" እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ማይክሮስኮፑ በሩጫ ነበር የምሄደው።

ከዚያ በሽታው መጣ። የንብ እጭ በተዘጋበት ክፍል ውስጥ እንዳለ በሻጋታ ይሞትና ነጭ ሆኖ ይደርቃል፤ የተሰባበረ ጠመኔ ነው የሚመስለው። ዛሬ ለዚህ ብሎ ቀፎ የሚያቃጥል የለም። ያኔ ግን ለአካባቢያችን አዲስ ስለነበር ሁላችንም ደንግጠናል። ከጢቾ አካባቢ ወሬው ሲደርሰን ዶክተር ታምራት "ብቻሽን ሪፖርት የምትጽፊበት ጊዜ ደርሷል" ብለው ላኩኝ። ነጂው ገመቹ፣ አስተርጓሚው ገመቹ፣ አሿፊውም ገመቹ ነበር።

ከጢቾ ወጣ ብሎ አዴ ፋጡማ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ስድስት ሳጥን ቀፎ ነበራቸው። አምስቱ ቤቱ ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ደጃቸው ንጹሕ ነው። ስድስተኛዋ ከበረቱ ጀርባ ለብቻዋ ተቀምጣለች። አዴ ፋጡማ ስሟን ጉራቲ ብለዋታል፣ በኦሮምኛ ጥቁሯ ማለት ነው። የጉራቲ ደጅ በሞተ ነጭ እጭ ተሞልቷል።

ዝናቡ ያካፋ ነበር። በብርድ ቀፎ ሲከፈት እጩ ይጎዳል፤ ይህ እውነት ነው። ሌላው እውነት ደግሞ እኔም በርዶኝ ነበር። ስለዚህ አንዱንም ሳልከፍት፣ በደጅ ያየሁትን ይዤ ጻፍኩ፦ አምስቱ ጤነኛ፣ አንዷ በሽተኛ፣ በሽተኛዋ ትቃጠል። ዶክተር ታምራት "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። "እርግጠኛ ነኝ" ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ ራሱ ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ አሳምሬ ነው የፈረምኩት።

በሳምንቱ ከገመቹ ጋር ላምባና ክብሪት ይዘን ተመለስን። የቀበሌው ሰዎች ቀፎዋ ተቃጥላ የምትቀበርበትን ጉድጓድ ቆፍረው ጨርሰዋል። ቀኑ ብራ ነበር። አዴ ፋጡማ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ከጉራቲ ፊት ቆመው አገኘናቸው።

"አምስቱን ከገበያ ነው የገዛኋቸው" አሉኝ። "ከፈለግሽ ውሰጃቸው። ጉራቲን ግን አባወራዬ ነው ከዛፍ ያወረዳት። ከእሱ እጅ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።"

"አዴ፣ አዝናለሁ። ታማለች እኮ። ሌሎቹንም ትጨርስብዎታለች።"

"ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ጠዋት ቤቴን ስጠርግ መጥተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ብትመጪ ቆሻሻውን የምታገኚው ደጄ ላይ ነው። ያንን አይተሽ፣ ይቺ ሴትዮ ቆሻሻ ናት ብለሽ ቤቴን ታቃጥያለሽ?"

ክው አልኩ። አንዳንድ ንቦች የታመመ እጭ ያለበትን ክፍል በሽታው ሳይዛመት ከፍተው ሬሳውን ወደ ውጭ ይጥላሉ፤ ጠባዩም ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ይህንን ተምሬዋለሁ። ኧረ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ! ደጅ ላይ ተበትኖ ሳየው ግን አላወቅሁትም።

"ሽቶ፣" አለ ገመቹ፣ "ልጫር ወይስ ልተው?"

"ተው!" ብዬ ስጮህ በረት ያለችው ላም ደነበረች።

ከወረዳው ግብርና ቢሮ ለዶክተር ታምራት ደወልኩ።

"ፈርመሽ ነው የሰጠሽኝ" አሉ።

"አዎ።"

"አሁን ተሳስቻለሁ ልትዪኝ ነው?"

"ምናልባት።"

"ምናልባት በሚል ነገር ላይ እኔ አልፈርምም። መርፌ አለሽ?"

"ከሰው እዋሳለሁ።"

"እንግዲያው ሥራውን ታውቂዋለሽ። ነገ ቁጥር ይዘሽ ደውዪ።"

ሥራው ቀላል ነው። የተከደኑ የእጭ ክፍሎችን ትመርጫለሽ፣ በክዳኑ በኩል እጩን በቀጭን መርፌ ወግተሽ ትገድያለሽ፣ እጩ ያለበትን የእንጨት ፍሬም ወደ ቀፎው መልሰሽ በነጋታው ስንቱ እንደተጠረገ ትቆጥሪያለሽ። አዴ ፋጡማ የልብስ መርፌያቸውን አዋሱኝ። ከጉራቲ ሃምሳ፣ ቤቱ ፊት ካሉት ከአንዷ ሃምሳ ወጋሁ። "ልጆቿን ገደልሻቸው" እያሉ አዴ አጠገቤ ሆነው ሲያጉረመርሙ ነበር፤ መርፌውን ግን አልነጠቁኝም።

ያን ቀን ጢቾ አደርን። እንቅልፍ ብሎ ነገር በዓይኔ አልዞረም። ጉራቲ ካልጠረገች ላምባው ያው መኪናው ውስጥ ነው።

በነጋታው መጀመሪያ ቤቱ ፊት ያለችውን ቀፎ ከፈትን። ከሃምሳው ከአርባ በላይ የሚሆነው ሳይነካ እንዳለ ተቀምጧል። የቆየውን የሰም እንጀራዋን ገለጥ ሳደርገው ደግሞ ውስጡ በደረቀ ነጭ እጭ ታጭቋል። በሽተኛዋስ ይቺ ነበረች፤ ደጇ ንጹሕ የሆነው የሚያወጣ ሠራተኛ ስለሌላት ነው። ወደ በረቱ ጀርባ ሄድኩ። የጉራቲን ፍሬም አወጣሁና ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ። ሁለት ብቻ ቀርተዋል። አርባ ስምንቱ ወልውላ የጨረሰቻቸው ባዶ ክፍሎች ናቸው።

"አላልኩሽም?" ብለው አዴ ፋጡማ እልልታቸውን አቀለጡት። አቅፌያቸው ዘለልኩ። ጓንቴን አውልቄ ስለነበር ሦስት ቦታ ተነደፍኩ፤ ያመመኝ ዘግይቶ ነው። ገመቹ ጉድጓዱን ሊደፍን አካፋ ሲያነሳ አዴ "ተወው፣ የለፉበትን! እንሰት እተክልበታለሁ" አሉት። ተከሉበትም።

ለዶክተር ታምራት ደውዬ ቁጥሩን ነገርኳቸው። "በሽተኛዋም አትቃጠልም፤ ከጉራቲ ዘር ንግሥት ታስገቢላታለሽ። ሪፖርቱን እንደገና ጻፊ። የተሳሳትሽውንም ጻፊበት፣ በደንብ አድርገሽ" አሉኝ። ጻፍኩ። እንደዚያ ደስ እያለኝ የጻፍኩት ሪፖርት የለም።

የቀረው የሥራ ዘመኔ የጉራቲን ልጆች ማራባት ሆነ። ገና የተፈለፈለ እጭ በቀጭን መልቀሚያ እያነሳሁ ከሰም በተሠራ ትንሽ ጽዋ አስቀምጣለሁ፤ ሌሎች ንቦች መግበው ንግሥት ያደርጉታል። የአባትየውን ነገር አትጠይቁኝ። ንግሥቲቱ አየር ላይ ወጥታ ከብዙ ድንጉላ፣ ማለትም ወንድ ንብ ጋር ስለምትገናኝ ከልጆቿ ግማሹ ጎበዝ፣ ግማሹ ሰነፍ ይወጣል። ሰነፉን እየተውን፣ ጎበዙን እያራባን ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ ጎበሳም ሮቤም የጉራቲ የልጅ ልጆች ገቡ።

አንዴ ወደ ሮቤ ስሄድ ንግሥቲቱን እንዳይበርዳት በትንሽ ሳጥን አድርጌ ደረት ኪሴ ውስጥ ይዣታለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሰውዬ "ምንድን ነው የሚጮኸው?" አሉኝ። "ንግሥት ናት" አልኩ። ሰውዬው ወደ ረዳቱ ዞረው "ስማ፣ ንግሥት ይዘህ እየሄድክ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ንዱ!" አሉት። እስከ ሮቤ ስንስቅ ሄድን።

ጡረታ ስወጣ ቢሮው ሸኘኝ። ዶክተር ታምራት በከዘራ መጡ። አዴ ፋጡማም አርጅተው፣ ጎንበስ ብለው ከጢቾ መጡ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘዋል። ገመቹ "የሽቶን ስጦታ እንየው!" እያለ ወረቀቱን ቀደደው። መጥረጊያ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

"ኢንተላ ኮ፣" አሉኝ አዴ፣ "ቤትሽ ስመጣ ደጅሽ ላይ ቆሻሻ ካላየሁ አልገባም።"

እየሳቅሁ ነበር፤ ድንገት እንባዬ መጣ። ያቺን ቀን ክብሪቱ ተጭሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር፤ ይህን እዚያ ቤት ውስጥ ሁላችንም እናውቃለን።

መጥረጊያው አሁንም ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል። በእኔ ወንበር ለተተካችው ልጅ ማይክሮስኮፑን ሳስረክባት ሁለት ነገር ነገርኳት። ሽቶ አትቀቢ። ቀፎውን ሳትከፍቺ አትፈርሚ።