የሁለት በረንዳ ጤና አዳም

ሳን ሆዜ ውስጥ ጤና አዳም ያማረው ሐበሻ ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚደውለው ለወይንሸት ነበር። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሰው ስታነሳ ስታስተኛ ትውልና፣ ቤቷ ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በረንዳ ወጥታ አንዲት ቅጠል እሽት አድርጋ ታሸታለች። ድካሟ ብን ይላል። እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች በላስቲክ ጠቅልላ ትወስዳለች፤ «ወይንዬ፣ እጅሽ ይለምልም» ሲሏት ደስታውን አትችለውም።

እድላዊት መጣችና ነገር ተበላሸ። በዲቪ ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሆስፒታል ትሠራለች፤ ከወይንሸት በላይ ያለውን አፓርታማ ተከራይታ በረንዳዋ ላይ ጤና አዳም ተከለች። ወዲያው ወገብ ላይ ደረሰላት! ወይንሸት እንዳትበለጥ ብላ የራሷን ጠዋት ማታ ታጠጣው ጀመር። ጉድ እኮ ነው፣ ቢጫ ሆነ። ጨመረችለት፤ ባሰበት። ሴቶቹም ስልካቸውን ወደ ላይ ቤት አዞሩ።

ቅናት አንጀቷን አቃጠላት። «ትናንት መጥታ!» እያለች ለልጇ ለሐኒ ብትነግራት፣ ሐኒ ከስልኳ ቀና ሳትል «ማም፣ ኢትስ ጀስት አ ፕላንት» አለቻት።

አንድ ቀን እድላዊት ቁልፍ ይዛ ወረደች። «እትዬ ወይንሸት፣ ለሁለት ሳምንት ቫኬሽን ልወጣ ነው። ተክሌን አደራ፤ ከእርስዎ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

«ሂጂ፣ ምንም አታስቢ» አለች ወይንሸት። በሆዷ ግን «ቆይ ብቻ!» ብላለች። አሥራ አራት ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላጠጣችውም።

እድላዊት የተመለሰች ዕለት፣ ወይንሸት ለቅሶ ደራሽ መስላ ተከትላት ወጣች። ጤና አዳሙ ምን ሆኖ ቢጠብቃቸው ጥሩ ነው? አብቦ!

እድላዊት አፈሩን በጣቷ ነካ አድርጋ ጮኸች። «እትዬ፣ ደረቅ ነው! እንዴት አወቁ? ውሃ ሲበዛበት እኮ ሥሩ ይበሰብሳል። ሳልነግርዎት ሄጄ ስጨነቅ ነው የከረምኩት።»

ወይንሸት ታች ያለው የራሷ ተክል ታወሳት። በገዛ እጇ ነው የገደለችው!

«ውሃ እንደማይወድ አውቄ አይደለም» አለች። «ይድረቅ ብዬ ነው ያላጠጣሁት። ቀንቼብሽ ነው።»

እድላዊት ከት ብላ ሳቀች። «እርስዎ ደግሞ ሲቀልዱ!» አለችና አቅፋ ደጋግማ ሳመቻት።