ዝናብ ያገኘው የኖራ ፉርጎ

አቃቂ ኬሚስትሪ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አባቴ የባቡር ጣቢያው መጋዘን ጠባቂ ነበሩ። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ኖራ በጆንያ የጫነ ፉርጎ እንደመጣና ጣሪያው የተቀደደ እንደሆነ ነገሩኝ። ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጥጥ ከጫነው ፉርጎ ጋር ተቀጥሎ መቆሙ አላስደሰታቸውም። እኔ ግን ልቤ ትምህርቱ ላይ ስለነበር እንደዋዛ ሰማኋቸው።

የዚያን ቀን የማስተምረው አንድ ኬሚካዊ ለውጥ ሳይገፋ በራሱ ይካሄድ እንደሆነ አስቀድሞ ስለማወቅ ነበር። "ሁለት ነገር እንመዝናለን" አልኳቸው ተማሪዎቼን። "ለውጡ ሙቀት ይሰጣል ወይስ ይወስዳል? ነገሩስ ይበልጥ ይበታተናል ወይስ ይሰበሰባል? ሙቀት መስጠትም መበታተንም ለውጡን ያግዙታል። ሁለቱ ሲቃረኑ የሚዳኛቸው የአካባቢው የሙቀት መጠን ነው።"

ለምሳሌ የኖራ ድንጋይን አነሳሁ። ሜዳ ላይ ዘመናት ቢቀመጥ እንደማይፈርስ፣ ምድጃ ውስጥ ሲግል ግን መበታተኑ አሸንፎ በውስጡ ያለውን ጋዝ እንደሚለቅና ኖራ እንደሚሆን ነገርኳቸው።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ኖራው ውሃ ቢያገኝስ?"

"ያኔማ ማንም አይገፋውም። በራሱ ይዋሃዳል፤ የሚለቀው ሙቀት ደግሞ..."

አልጨረስኩትም። ሳይታሰብ የመጣ የበልግ ዝናብ የክፍሉን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። ጣሪያው የተቀደደው ፉርጎ ትዝ አለኝና ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ።

ጭቃው ጫማዬን እየያዘብኝ ወደ ጣቢያው ሮጥኩ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሒሳቡ ነገሩ ይሆናል ብሎኛል፤ መቼና በምን ፍጥነት ግን አይናገርም። ምናልባት ገና አልጀመረም። ምናልባትም አልቆለታል።

ስደርስ ከፉርጎው ጣሪያ እንፋሎት ይትጎለጎላል፤ የሚቃጠል ጆንያ ይሸታል። ሠራተኞች ባልዲ ይዘው ይሯሯጣሉ።

"ውሃ እንዳታፈሱ!" ብዬ ጮህኩ።

የጣቢያው ሹም ዞረው አፈጠጡብኝ። "አንቺ ልጅ፣ እሳት በውሃ ካልጠፋ በምን ሊጠፋ ነው?"

"እሳቱን ያመጣው እኮ ውሃው ነው! ጥጡን ያርቁልኝ፣ ስለ እግዜር!"

ለአፍታ እኔንና ፉርጎውን አፈራርቀው አዩ። ከዚያ "ፍቱት! ግፉ!" አሉ። ሰዎቹ ማያያዣውን ፈትተው የጥጡን ፉርጎ በትከሻቸው ይገፉት ጀመር። ሐዲዱ ሲጢጥ እያለ ጥጡ ቀስ በቀስ ከጭሱ ራቀ።

አባቴን ያየኋቸው ያኔ ነው። ከኖራው ፉርጎ ደጃፍ ሥር ተንበርክከው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የሚነደውን ጆንያ ጎትተው ሊያወጡ ሲሉ ፈንድቶባቸው ነው።

"አባባ፣ አይሹት! እጅዎን ያንሱልኝ!"

"ዓይኔን... ልጄ፣ ዓይኔን..."

አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ አጠገቤ ነበር። ላነሳው ስል ቆም አልኩ። አሁን "ውሃ እንዳታፈሱ" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ውሃ ባደርግበት ኖራው እዚያው ዓይናቸው ላይ ይግላል። ብዙ ውሃ ግን ሙቀቱንም ኖራውንም ጠርጎ ይወስዳል። ይህን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አባቴ ናቸው። በነጠላዬ ጫፍ ከፊታቸው ላይ ዱቄቱን አራገፍኩና ባልዲውን አንስቼ ሳላቋርጥ አፈሰስኩ።

"ሌላ አምጡ! ሌላ!"

ሹሙ ራሳቸው ባልዲ ያቀብሉኝ ጀመር። ሌሎቹ ደረቅ አፈር ከመጋዘኑ ሥር እየዛቁ የሚነዱትን ጆንያዎች አዳፈኑ። ሐኪም ቤት እስክንደርስ የአባቴን እጅ ይዤ ነበር።

ጥጡ ተረፈ። የኖራው ፉርጎ ወለሉ ከሰለ። የአባቴ ቀኝ ዓይን ዳነ፤ ግራው ግን ብርሃንና ጥላ ከመለየት አላለፈም። ከወር በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም ክፍል ገብቼ ያቋረጥኩትን ትምህርት ስቀጥል፣ ደመና በመጣ ቁጥር ዓይኔ ወደ መስኮቱ እየሸሸ ተማሪዎቼ ያስታውሱኝ ነበር፦ "ቲቸር፣ ምን እያልሽ ነበር?"