ቁጥር አንድ ካሴትና «ታማም» ያሉት ሁሉ

ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ካሴቱ ባዶውን ሲሽከረከር የሚያሰማት ያቺ የ«ሽሽሽ» ድምፅ ጆሮዬ ላይ በመጣች ቁጥር፣ ጀበል ሰፈር የነበረው የቆርቆሮ ቤታችን፣ ጥቁሯ ቴፕና ከፊቷ ክንዱን አጣምሮ ቆሞ «ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው» የሚለው አባቴ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ከእነሱም ጋር እስከ ዛሬ ያልበረደልኝ ንዴት ይነሳብኛል።

የሱዳን ሰላም ከተፈረመ በኋላ ከጋምቤላ የስደተኞች መጠለያ ወደ ጁባ ተመለስን። ተመለስን የሚሉት ትልልቆቹ ናቸው እንጂ እኔ ጁባን አይቻት አላውቅም ነበር። ሌላው ሰው ፍራሽና ድስት ጭኖ ሲገባ አባቴ በካርቶን ሠላሳ ካሴት ይዞ ገባ፤ እናቴ ትልቁን ድስቷን ለምን ጥላ እንደመጣች እስካሁን ትጠይቃለች። ካሴቶቹ የቆዩ የፈረንጅ ዘፈኖች ነበሩ፣ አብዛኞቹ ካንትሪ የሚባለው የከብት ጠባቂዎች ዘፈን፣ ጥቂቶቹ ሮክ፣ መጠለያ ጣቢያው ውስጥ እያለ እህል ከሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ላይ የገለበጣቸው። ሹፌሩ የዘፋኞቹን ስም ስላልጻፈለት አባቴ ዘፈኖቹን የሚያውቃቸው በታሪካቸው ነበር፤ ይሄኛው ባቡር ያመለጠው፣ ያኛው ሚስቱ ጥላው የሄደች። ከሁሉም መርጦ በአንድ ካሴት ላይ የሰበሰባቸውን «ቁጥር አንድ» ብሎ ጽፎበት፣ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከላይ ያሉትን ሁለቱን የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሯቸው ነበር፤ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ ቴፑ አልቀዳም ይላል።

በበጋ ወራት፣ አቧራው ከጀበል ተራራ ሥር እየተነሳ ምሳችን ላይ ሲያርፍ፣ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችን ጣሪያው ላይ ፀሐይ አስመትተን ትንሽ ነፍስ እንዲዘሩ እናደርግና፣ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ቶንፒንግ ሰፈር ካለው የዕቃ ግምጃ ቤት ሥራው ሲመለስ ቴፗን ውጭ አውጥቶ ጎረቤቱን ይሰበስብ ነበር። የእኛ ሰዎች፣ ኑዌሮቹ፣ የከብት ሰዎች ናቸውና ካንትሪውን ለማስወደድ ብዙም አልተቸገረም። «ስለ ከብቱ የሚዘፍን ሰው አይዋሽም» ይላቸዋል፤ እነሱም «ይሄ ሰውዬ ስንት ላም አለው?» ብለው ይጠይቁታል፤ «ብዙ ነበሩት፣ አሁን የሉትም፣ ለዚህ ነው የሚዘፍነው» ሲላቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ካሴት ለማዋስ ግን ሕግ ነበረው። የተዋሰ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ የትኛውን እንደወደደና ለምን እንደወደደ ነግሮት ነው ሌላ የሚወስደው። ይህን ሕግ ያከበረ አንድ ሰው አላስታውስም። ጀበል ገበያ ሱቅ የነበራቸው ኢትዮጵያዊው ጋሽ ከድር እንኳ፣ ቁጥር አንድን ሦስት ወር ሙሉ ሱቃቸው ውስጥ ሲያስጮሁት ከርመው ሲመልሱት «ታማም ነው፣ ታማም» አሉት፣ በጁባ ዐረብኛ ጥሩ ነው ለማለት። አባቴ «ምኑ ነው ታማሙ?» ሲላቸው ስኳር መመዘን ጀመሩ። ሰው በልቶ እንኳ ጨው በዝቷል ወይም አንሷል ይላል፤ ይህ ያኔም ያናድደኝ ነበር።

ዝናቡ ገብቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ በሆነበት ወቅት፣ ዐሥር ዓመቴ ላይ፣ የአባቴ ታላቅ እህት ኛቦል እኛ ዘንድ ትኖር ነበር። አያቴ «ሰላም ያላችሁትን ሳላምን አልመጣም» ብላ ጋምቤላ ቀርታ ነበርና፣ ማንበብ ለማይችል ዘመድ እንደሚደረገው አክስቴ ድምፅ ቀድታ ልትልክላት ፈለገች። መልእክቱን የሚያደርሰው ዘመዳችን «ጁባ ና ባሪ» የሚባለው ሰፈር አድሮ በማግስቱ ሊነሳ ነው፤ ባዶ ካሴት የለም፤ አባቴ ሥራ ላይ ነው። አክስቴ ካርቶኑን በርብራ ሣጥኑ ንጹሕ የሆነውን አወጣች፤ ቁጥር አንድ ሆነ። የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ሲላት «ይሄ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች። እኔ አውቅ ነበር። ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ፣ አጣጥፌ የተሰበሩት ጥርሶች ቦታ ላይ ጠቀጠቅሁላት፤ ቴፗ እሺ አለች። አክስቴ ስለ ቤቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ ተናገረች፣ እኔም አያቴን ሰላም ብዬ የትምህርት ቤት መዝሙር ዘመርሁላት፤ በዚያኛው የካሴቱ ገጽ ከነበሩት ዘፈኖች የተረፉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ቅዳሜ አባቴ ባዶውን ሣጥን ይዞ በር ላይ ቆመ። «ሠላሳ ካሴት እያለ?» አላት።

«ለእናትህ ነው የላክሁት» አለች አክስቴ። «ላም አልጠየቅሁህ፣ ዘፈን ነው።»

አባቴ ጮኾ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮኸም፤ ቴፗን አንሥቶ አልጋ ሥር ከተታት። ቅዳሜያችን በዚያው ቀረ። እኔ አክስቴን ዓመት ሙሉ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ስለ ወረቀቱ ግን ትንፍሽ አላልሁም፣ ይህንን ዛሬ ስጽፈው በራሴም እበሳጫለሁ። አባቴ ዘፈኖቹን ደግሞ ለማግኘት ስም እንኳ አልነበረውምና፣ አንድ ቀን እኔን ይዞ ጋሽ ከድር ሱቅ ሄዶ «ቁጥር አንድ ላይ የነበሩትን አንድ ሁለቱን ብታስታውሳቸው» ብሎ ለመናቸው። ጋሽ ከድር ጣሪያውን አይተው፣ መሬቱን አይተው «ታማም ነበሩ» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እጄን አጥብቆ ይዞ ነበር።

የደቡብ ሱዳን ነፃነት ሕዝበ ውሳኔ በተቃረበበት በጋ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ምዝገባ ሲያወራ፣ አያቴ በመጨረሻ መጣች። ገና አረፍ ሳትል ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ካሴቱን ለአባቴ ሰጠችው። ሁለት ዓመት ጎረቤት ቴፕ ላይ ስትሰማው ኖራለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት፣ በኑዌርኛ እንዲህ አለችው፤

«ከልጅቷ መዝሙር በኋላ ሁለት ሰዎች አሉ። የመጀመሪያው ይቸኩላል፣ አልወደድሁትም። ሁለተኛው ላሞቹ የጠፉበት ሰው ነው። መሐል ላይ ድምፁ ያልቅበትና ዝም ሲል ክራሩ ብቻውን ይፈልግለታል። እዚያ ጋ ነው የወደድሁት። ላሞቹን አገኛቸው?»

ያ ሰውዬ ሚስቱ ጥላው የሄደችው እንደነበር እኔም አባቴም እናውቃለን።

«አላገኛቸውም» አላት አባቴ።

«አውቄአለሁ» አለች አያቴ።

አባቴ ካሴቱን ሲያገላብጥ የተጠቀጠቀውን ወረቀት አየ፤ በጥፍሩ አውጥቶ ዘረጋው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ፣ የእኔ የማባዛት ሒሳብ ነበር፣ ያውም የተሳሳተ። አየኝ፣ መልሶ አጣጠፈው፣ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ አልጋው ሥር ገብቶ ቴፗን አወጣ።

አሁን ካሴቱ እኔ ዘንድ ነው። ያንን ሁለተኛ ዘፈን ባለፈው እሑድ ወደ ስልኬ ገልብጬ፣ የቆየ ዘፈን እንወዳለን ለሚሉ ወዳጆቼ ሁሉ ላክሁት፤ «እስከ መጨረሻው ስሙት፣ የቱ ጋ እንደወደዳችሁት ንገሩኝ» ብዬም ጻፍሁበት። ዘፈኑ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፤ የመጀመሪያዋ የ«ወድጄዋለሁ» አውራ ጣት ምልክት ደቂቃ ሳይሞላ መጣች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሽ ከድር ቢያንስ ሦስት ወር አስጩኸውታል። ወዳጆቼ እንግሊዝኛ አያውቁም እንዳልል ሁሉም ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ። ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥሁት፣ ማታም አነሣሁት፣ በማግስቱም፤ ላሞቹን አገኛቸው ወይ ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬ አንድም ሰው የለም።